በማዋለጃ ክፍላችን የደም መፍሰስ ድሪል ልንጀምር ነው፦ ዕቃው፣ ቡድኑና ውይይቱ እንዴት ይሁን?

አዋላጅ_ወሎ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል አስተባባሪ ነኝ። በአንድ ተረኛ ሁለት ሚድዋይፍ፣ አንድ ጠቅላላ ሐኪምና አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ ይኖራሉ። የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ኦፊሰሩና የሰመመን ባለሙያው ሌሊት በስልክ ነው የሚጠሩት። እስካሁን ሥልጠና የምንለው አንድ ሰው ከተማ ሄዶ፣ አዳራሽ ተቀምጦ፣ ሰርተፊኬት ይዞ መመለሱን ነው። የተማረው ሰው ጎበዝ ሆኖ ይመለሳል፤ ደም ሲፈስ ግን ብቻውን አይሠራም። አብረውት የሚሯሯጡት ሰዎች አንድ ላይ ተለማምደው አያውቁም።

ስለዚህ እዚያው ክፍላችን ውስጥ የድህረ ወሊድ ደም መፍሰስ ድሪል፣ ማለትም እውነተኛውን የሚያስመስል የቡድን ልምምድ፣ ልንጀምር አስበናል። ለሕፃን ማነቃቂያ ኒዮናታሊ የሚባለው ማኔኪን (የሰው አምሳያ) አለን፤ ለእናት የሚሆን ማኔኪን ግን የለም፣ በዚህ ዓመትም በጀት አልተያዘለትም። ሥራውን የምታውቁ እስቲ በዝርዝር ንገሩኝ። ያለ ማኔኪን ደሙንና ማሕፀኑን እንዴት እናስመስል? ማን ማን ይግባ? በየስንት ጊዜው ይሁን? ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ ከድሪሉ በኋላ ያለው ውይይት ነው። “ምን ተሳሳትን?” ከተባለ ወይ ሁሉም ዝም ይላል፣ ወይ አንዱ ሰው ላይ ይዘመትበታል።

ሲም_ላብ፦

ሰላም እህቴ። አዳራሽ ውስጥ የተማሩት እስከ አልጋው ድረስ እንደማይዘልቅ ጎልቶ የታየው ታንዛኒያ፣ ሃይዶም ሆስፒታል ነው። የአንድ ቀን የሕፃናት ማነቃቂያ ሥልጠና ተሰጠ፤ ሠራተኞቹ ማኔኪኑ ላይ በደንብ ተሻሻሉ፤ እውነተኛው ማዋለጃ ክፍል ውስጥ የሚያደርጉት ግን አልተለወጠም። በኋላ ማኔኪኑ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ በየሳምንቱ የጥቂት ደቂቃ፣ በየወሩ ደግሞ ረዘም ያለ ልምምድ ሲደረግ ነው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚሞቱት ሕፃናት የቀነሱት። እናንተም በዚያው ሂዱ፦ አጭር፣ ተደጋጋሚ፣ በራሳችሁ ክፍል፣ በራሳችሁ ዕቃ። በወር አንድ ሙሉ ድሪል፣ በየሳምንቱ ደግሞ ሁለት ሰው ተረኛ ሲቀያየር የሚሠራው የአምስት ደቂቃ የእጅ ልምምድ ይበቃል፤ ማሕፀን በሁለት እጅ መጭመቅ፣ ኮንዶም በካቴተር ላይ ማሰር (ማሕፀን ውስጥ ተሞልቶ ደሙን እንዲያቆም)፣ የመሳሰለው።

ለእናትነት ሰው ተጠቀሙ። ይህ ለእጥረት ማካካሻ አይደለም፤ በእኔ እምነት ከሙሉ ማኔኪን ይሻላል። ሰው ትናገራለች፣ ትፈራለች፣ “ውሃ ስጡኝ፣ በረደኝ” ትላለች። ቡድኑ እናቲቱን ያናግራታል ወይስ ከአናቷ በላይ እርስ በርሱ ብቻ ይጯጯሃል የሚለው የሚታየው ያኔ ነው። ማማናታሊ የሚባለውም ቢሆን ሰው ሆዷ ላይ ታጥቃው የምትተውንበት ነው።

ደሙን እንዲህ አድርጉት። ከታች መክፈቻ ያለው ባለ 2 ሊትር ዩሪን ባግ ውሰዱ፤ በትልቅ ሲሪንጅ በመግቢያው ቱቦ 1.5 ሊትር ያህል ቀይ ውሃ ሙሉበት። ባጉ ከተዋናይዋ ጎን፣ ትራስ ላይ ከፍ ብሎ፣ በአንሶላ ተሸፍኖ ይቀመጥ። መውጫው ላይ ቁራጭ የሳክሽን ቱቦ ቀጥላችሁ በጭኗ መሐል አውጡት። ከመጀመራችሁ በፊት ለአንድ ደቂቃ በመለኪያ ጆግ አፍስሳችሁ እዩት፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ከወረደ ልክ ነው። ከዚያ ከፈጠነ ቡድኑ እጁን ሳይዘረጋ ባጉ ያልቃል፤ ከዘገየ ደግሞ የሚደነግጥ ሰው የለም። ለቀለሙ ቀይ የምግብ ቀለም ይበቃል። ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃም ይሆናል፣ ግን ካደረ ይሸታል፤ አንሶላውንም ቶሎ ካላጠባችሁት አይለቅም። የረጋ ደም ከፈለጋችሁ የበቆሎ ስታርች በቀይ ውሃ አብስላችሁ አቀዝቅዙት።

ለማሕፀኑ አሮጌ የአዋቂ ቢፒ ከፍ (ክንድ ላይ የሚታሰረውን የደም ግፊት መለኪያ) ፈልጉ። ጠቅልላችሁ በጨርቅ ከረጢት ስፉት፣ ከእምብርቷ ሥር ከጋውኗ ውስጥ ታጥቀው፣ ፓምፑን በእጇ ትያዝ። አየሩ ሲወጣ ማሕፀኑ ለስላሳ ነው፤ በትክክል ሲታሽና መድኃኒቱ ሲሰጥ ቀስ እያለች ትነፋዋለች፣ ይጠነክራል። ከፉ የሚያንጠባጥብ አለመሆኑን ቀድማችሁ እዩ፤ አየር የሚያስወጣ ከሆነ ቡድኑ በትክክል እየሠራ ማሕፀኑ ይለሰልስና ግራ ይጋባል።

ሴናሪዮው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፣ ዓላማውም ከሦስት አይለፍ። ለመጀመሪያው ይህን ውሰዱ፦ 28 ዓመቷ፣ አራተኛ ልጇ፣ ከወለደች 10 ደቂቃ ሆኗታል፣ የእንግዴ ልጁ በሙሉ ወጥቷል፣ ኦክሲቶሲን (ማሕፀን የሚያኮማትር መድኃኒት) 10 ዩኒት በጡንቻ ወዲያው ተሰጥቷል። ሲጀመር ከሥሯ ያለው መለኪያ ላይ 300 ሚሊ ሊትር አለ፣ ቢፒ 110/70፣ ፐልስ 98። በ2ኛው ደቂቃ 500፣ ቢፒ 100/60፣ ፐልስ 112። እስከ 5ኛው ደቂቃ ድረስ እርዳታ ከተጠራ፣ ማሕፀኑ ከታሸ፣ ፊኛው ባዶ ከሆነ፣ ኦክሲቶሲን በድሪፕና ትራኔክሳሚክ አሲድ (የረጋ ደም እንዳይሟሟ የሚያደርግ መድኃኒት) ከተጀመረ 800 ላይ ይቆምና ማሕፀኑ ይጠነክራል። አንዱ ከጎደለ ከ1000 ያልፋል፣ ቢፒ 80/50፣ ፐልስ 130 ይሆናል፣ ተዋናይዋም መቃዠት ትጀምራለች። በ10ኛው ደቂቃ የትም ይድረስ ይቁም።

አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። ቢፒውን ከፉን ክንዷ ላይ ላላሰረ ሰው አትንገሩ። አሠልጣኙ ቁጥሩን ዝም ብሎ ከነገረ፣ የቢፒው መሣሪያ እንደማይሠራ ወይም ሌላ ክፍል እንደተወሰደ ማንም ሳያውቅ ድሪሉ ያልቃል። ኦክሲቶሲንም ከፍሪጅ ሄዶ ይምጣ። የፍሪጁ ቁልፍ ማን ኪስ ውስጥ እንዳለ የሚታወቀው ሄዶ ሲመጣ ነው። ይህ ሥልጠና ከሰው ዕውቀት ይልቅ የቤቱን አሠራር የሚፈትሽበት ጊዜ ይበዛል።

ቡድኑን በተመለከተ ባለሙያዎችን ብቻ አትጥሩ። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ጥበቃው፣ ካርድ ክፍል ያለው ሰው፣ የአምቡላንስ ሹፌሩ ሌሊት የሚሮጡት እነሱ ናቸው። ሁለት ሚድዋይፍ ብቻ ባለበት አንዷ ማሕፀኑ ላይ እጇን ካሳረፈች አታነሳም፤ ሁለተኛዋ ደም ሥር ትከፍትና መድኃኒት ትሰጣለች። ስልክ የሚደውል፣ ናሙና የሚያደርስ ሦስተኛ ሰው ከየት ይመጣል? ከእነዚሁ ሰዎች ነው። ሐኪሙ ሲደርስ እግርጌ ቆሞ ሁሉን እያየ ይምራ፤ እጁን ሥራ ውስጥ ካስገባ መሪነቱን ለሌላ በስም ያስረክብ። አንድ ሰው ደግሞ ሰዓትና ወረቀት ይዞ ይጻፍ፤ ሌላ ሥራ አይሰጠው።

ሰመመን_ዲዩቲ፦

ሲም_ላብ ያለው ላይ የደኅንነቱን ነገር ልጨምር፤ ብዙ ቦታ የሚዘለለው እሱ ነው። ለልምምድ የሚሆን ፈሳሽና መድኃኒት ከእውነተኛው ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ አይደር። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ ለማሠልጠኛ ብቻ የተሠራ፣ ከጀርም ያልጸዳ ሳላይን በስህተት ወደ ክሊኒኮች ገብቶ ከ40 በላይ ለሚሆኑ በሽተኞች በደም ሥር ተሰጥቷል፤ ብዙዎቹ ታመዋል። ለእናንተ ሥርዓቱ ይህ ይሁን፦ ባዶ አምፑልና ጊዜው ያለፈበት ከረጢት ብትጠቀሙ እያንዳንዱ ላይ “ለልምምድ ብቻ” የሚል ቀይ ፕላስተር ይለጠፍ፤ ሲገባ ተቆጥሮ ሲወጣም ይቆጠር፤ ቁጥሩ ካልገጠመ ማንም ከክፍሉ አይውጣ። ተዋናይዋ ላይ መርፌ አይነካም። ካኑላው ክንዷ ላይ በፕላስተር ብቻ ተጣብቆ ቱቦው ወደ ባልዲ ይውረድ።

እውነተኛ ወላድ በመሐል ከመጣች ድሪሉ ይቆማል። ለዚህ አንድ የታወቀ ቃል ይኑራችሁ፤ “ልምምድ ቆሟል” ማለት ይበቃል፣ ማንም ሰው፣ ጽዳትም ብትሆን፣ ሊለው ይችላል። ክፍሉ ውስጥ ምጥ ላይ ያለች እናት ካለች ደግሞ ቀድማችሁ ንገሯት፤ በመጋረጃ ማዶ “ደም እየፈሰሳት ነው!” የሚል ጩኸት ሰምታ መደንገጥ የለባትም።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ በልምምድ ውስጥ የሚዛነፉት ሁልጊዜ እነዚሁ ናቸው። ካኑላው ሮዝ ይሆናል። ሮዝ 20 ጌጅ ነው፣ ፈሳሽ ቶሎ አያስገባም፤ ግራጫ 16 ወይም አረንጓዴ 18 ይሁን፣ ሁለት ደም ሥር ይከፈት፣ ፈሳሹ ከመያያዙ በፊትም ለሄሞግሎቢንና ለክሮስማች (የሚሰጣት ደም ከእሷ ጋር መስማማቱን ለማየት) ደም ይቀዳ። ትራኔክሳሚክ አሲድ ባለ 500 ሚሊ ግራም አምፑል ከሆነ ሁለቱን ነው የምትሰጡት፤ 1 ግራም፣ በ10 ደቂቃ፣ ማለትም በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ያህል። ድሪሉ ላይ ሰው በግማሽ ደቂቃ ገፍቶ “ሰጠሁ” ይላል፤ እውነት ላይ እንዲህ በፍጥነት ቢሰጥ ቢፒውን ሊጥለው ይችላል። መድኃኒቱ ከወለደች በ3 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት፣ በዚያም ውስጥ እያንዳንዱ የ15 ደቂቃ መዘግየት ጥቅሙን በ10 በመቶ ገደማ ይቀንሰዋል። ደሙ ካልቆመ ከ30 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ኦክሲቶሲኑ 20 ዩኒት በ1 ሊትር፣ በደቂቃ 60 ጠብታ የሚለውን የምትከተሉ ከሆነ ጠብታውን በሰዓት ቁጠሩት፤ “በግምት ነው” የሚል መልስ አትቀበሉ። ሚሶፕሮስቶል ከምላስ ሥር ከሆነ 800 ማይክሮ ግራም፣ አራት ባለ 200 ክኒን ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሰዓቱን አደራ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የሞኒተሩና የስልኩ በፈረንጅ ሊሆን ይችላል። ጸሐፊዋ 4፡10 ብላ የጻፈችው የሌሊት አራት ነው ወይስ የንጋት አስር? ሪፈር ከተባለች ተቀባዩ ሆስፒታል ትራኔክሳሚክ አሲዱ ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈው የሚያሰላው ከዚህ ወረቀት ነው፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት ደግሞ ሦስቱን ሰዓት ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል። አንዱን መርጣችሁ ወረቀቱ አናት ላይ አትሙት። ድሪሉ ላይ ጸሐፊዋ በየድርጊቱ ጮክ ብላ ሰዓቱን ታንብብ።

ላብ_ቤንች፦

ላብራቶሪውን “ደም ተጠይቋል ብለን እንውሰድ” ብላችሁ አትለፉት፤ እባካችሁ አስገቡን። ቀይ ውሃ የተሞላ ቲዩብ ከነስሟና ከነጥያቄ ወረቀቱ በእውነት ይምጣልን። ቲዩቡ ላይ የተጻፈው ስምና ወረቀቱ ላይ ያለው ካልገጠመ እንደ እውነቱ እንመልሰዋለን፤ ሲቸኩሉ ከሚፈጠሩት ስህተቶች አደገኛው ይሄ ነው። ደግሞም ፍሪጃችን ውስጥ ኦ ኔጌቲቭ ወይም ሌላ ስንት ዩኒት እንዳለ በዚያው ሰዓት ጠይቁን። መልሱ “የለም” ከሆነ ድሪሉ ወደ ሪፈር ሴናሪዮ ይዙር፤ እውነት ላይም የሚዞረው ወደዚያ ነው።

ለማዋለጃ ክፍሉ አንድ ነገር፦ የአልጋ ዳር የመርጋት ፈተና ላብራቶሪ አያስፈልገውም። 2 ሚሊ ሊትር ደም በንጹሕ ቀጭን የመስታወት ቲዩብ፣ በመዳፍ ተይዞ እንዲሞቅ፤ በ7 ደቂቃ ካልረጋ፣ ወይም የረጋው በቀላሉ ከተበታተነ የመርጋት ችግር አለ ማለት ነው። ፕላስቲክ ቲዩብ አይሆንም፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ባለበት፣ ክዳኑ ወይን ጠጅ በሆነው ቲዩብ ደግሞ ደሙ ከቶውንም አይረጋም። ድሪሉ ላይ ቲዩቡ የተዘጋጀ መሆኑን ብቻ ማየትም አንድ ነገር ነው።

ጥራት_ክፍል፦

ስለ ውይይቱ ልመልስ፤ እህታችን ከሁሉ በላይ የጠየቀችው እሱን ነው።

ድሪሉ 10 ደቂቃ ከፈጀ ውይይቱ 20 ደቂቃ ይውሰድ። እዚያው አልጋው ዙሪያ፣ ዕቃው ሳይነሳ ይሁን፤ ቢሮ ገብተው ከተቀመጡ ወንበሩ ማዕረግ ይዞ ይመጣል። ከመጀመሩ በፊት፣ ገና ድሪሉ ሳይነካ፣ አሠልጣኙ ሦስት ነገር በቃል ይናገር፦ እዚህ የታየው ለግምገማም ለዕድገትም አይውልም፤ ከክፍሉ የሚወጣው የሰው ስም ሳይሆን የተገኘ የአሠራር ክፍተት ነው፤ ቪዲዮ ከተቀረጸ ውይይቱ እንዳለቀ ይጠፋል። ይህን ብሎ ሥራ አስኪያጁ ማስታወሻ ደብተር ይዞ ጥግ ላይ ከቆመ ግን ቃሉ ባዶ ነው። ሥራ አስኪያጁ ይምጣ፣ ግን እንደ ሌላው ዕቃ እያመጣ የሚሮጥ ሆኖ ይግባ።

አካሄዱ አራት እርከን አለው። መጀመሪያ ስሜት፦ “እንዴት ነበር?” ብሎ እያንዳንዱ አንድ ቃል ይበል። የመጀመሪያ ተናጋሪዋ እናት ሆና የተወነችው ትሁን፤ “ማንም ስሜን አልጠየቀኝም” ካለች ከዚህ በላይ የሚያስተምር ንግግር የለም፣ ደግሞም ማንንም ለይታ አልወቀሰችም። ቀጥሎ የሆነውን መተረክ፦ ምን ሆነ፣ በስንተኛው ደቂቃ፤ እዚህ ላይ የጸሐፊዋ ወረቀት ይነበብ፤ ክርክሩን ያበርደዋል። ሦስተኛው ትንተናው ነው፣ ጊዜው የሚሰጠውም ለዚሁ። አራተኛ፣ እያንዳንዱ ነገ ተረኛ ሲገባ የሚያደርገውን አንድ ነገር ይናገር።

በትንተናው ላይ ጥያቄው እንዲህ አይሁን፦ “ለምን ፊኛዋን ባዶ አላደረግሽም?” ይህ ጥያቄ አይደለም፣ ክስ ነው። ያየኸውን ተናገር፣ ለምን እንዳሳሰበህ ተናገር፣ ከዚያ ጠይቅ፦ “በ4ኛው ደቂቃ ማሕፀኑ ወደ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ፊኛ ሞልቶ ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ አንቺ ያን ጊዜ ምን ላይ ነበርሽ?” መልሱ ብዙ ጊዜ “ካቴተሩን ስፈልግ ነበር፣ መሳቢያው ውስጥ አልነበረም” ይሆናል። ያኔ ችግሩ የመሳቢያው ሆነ፤ የሚስተካከል ነገር አገኛችሁ።

ይሉኝታው እውነት ነው፣ በተለይ ሐኪም ወይም በዕድሜ የገፉ ሲስተር ባሉበት። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፦ ጽዳት፣ ጥበቃ፣ ተማሪ፣ ጀማሪ ሚድዋይፍ ይቀድማሉ፣ ሐኪሙ መጨረሻ ይናገራል። ሐኪሙን ግን ቀድማችሁ ለብቻ አነጋግሩት፤ ሰው ፊት ድንገት “አንተ ኋላ” ከተባለ ቅር ይለዋል፣ ምክንያቱ ሲነገረው ደግሞ ይስማማል። ድምፅ ማሰማትም ራሱ በድሪል የሚለመድ ነው። ሐኪሙ ቀድማችሁ ነግራችሁት ሆን ብሎ አንድ ስህተት ያድርግ፤ ለምሳሌ ቢፒዋ ከፍ ላለ እናት ኤርጎሜትሪን (ማሕፀን የሚያኮማትር፣ ግን ቢፒን የሚጨምር መድኃኒት) ይዘዝ። ጀማሪዋ የምትለው ዓረፍተ ነገር ቀድሞ የተለመደ ይሁን፦ “ዶክተር፣ አሳስቦኛል፤ ቢፒዋ 150/100 ነው፤ ኤርጎሜትሪን አንስጥ፣ ሚሶፕሮስቶል ልስጥ?” ሐኪሙ “ጥሩ አየሽ፣ ስጪ” ይበል። ይህን በሁሉም ፊት አንድ ጊዜ ከሰማች ሌሊት ላይም አፏን መክፈት አይከብዳትም።

ትእዛዝም በስም ይሁን። “አንድ ሰው ኦክሲቶሲን ያምጣ” ሲባል ሦስት ሰው ይሄዳል ወይም ማንም አይሄድም። “ሰብለ፣ ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት በጡንቻ ስጪ” ፤ “ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት በጡንቻ ልሰጥ ነው” ፤ “ተሰጥቷል፣ ሌሊት 4፡12”። ሦስቱም እስኪሰሙ ጸሐፊዋ አትጽፍም።

ሌላው የምጨምረው ስለ መለኪያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ኢ-ሞቲቭ የተባለው ጥናት በኬንያ፣ ናይጄሪያ፣ ታንዛኒያና ደቡብ አፍሪካ፣ በ80 ሆስፒታሎች የተደረገ ነው። ደሙ መጠኑ በተጻፈበት ድሬፕ (ከሥሯ የሚነጠፍ ደም መያዣ ፕላስቲክ) ተለክቶ፣ ማሸት፣ ኦክሲቶሲን፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ ፈሳሽና ምርመራ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ በአንድ ላይ ሲሰጥ፣ ከባድ ደም መፍሰስ፣ በደም መፍሰስ ምክንያት ሆድ መከፈት ወይም ሞት አንድ ላይ ተቆጥረው በ60 በመቶ ቀነሱ። ከሕክምናው እኩል ልብ ማለት ያለብን ይህን ነው፦ በቀድሞው አሠራር በቀጠሉት ሆስፒታሎች በባለሙያው ዓይን የተያዘው የደም መፍሰስ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበር፤ በተለካበት ግን 93 በመቶ ተያዘ። ዓይን አይታመንም። ድሬፕ ከሌላችሁ ከመቀመጫዋ ሥር ፕላስቲክ አንጥፋችሁ ወደ መለኪያ ባልዲ የሚወርድ አድርጉት፣ ጎዝና ፎጣውንም መዝኑ፤ ከደረቁ ክብደት በላይ ያለው 1 ግራም በ1 ሚሊ ሊትር ይያዛል።

ስለዚህ ድሪሉ ከመጀመሩ በፊት የአምስት ደቂቃ ግምት አጫውቷቸው። አንሶላ ላይ 350፣ ኪድኒ ዲሽ ውስጥ 500፣ ወለል ላይ 1500 ሚሊ ሊትር ቀይ ውሃ አፍስሳችሁ እያንዳንዱ ለብቻው ወረቀት ላይ ይጻፍ። ወለል ላይ የፈሰሰውን ብዙ ሰው አሳንሶ ይገምተዋል። ከዚያ በኋላ ለመለካት ማንንም መለመን አያስፈልግም።

ሶሻልወርከር_ሊያዞን፦

ቤተሰቡን ረስታችኋል። በር ላይ ባሏ፣ እናቷ፣ ጎረቤት ይቆማሉ፤ በሩ ይከፈታል፣ ደም የነካው ጓንት ያደረገ ሰው ይሮጣል፣ ማንም አይናገራቸውም። ጩኸቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ አንዳንዴ ዘመድ ገፍቶ ይገባና ቡድኑ ሁለት ሥራ ይሆንበታል። ስለዚህ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ድሪል ላይ አንድ ሰው ዘመድ ሆኖ ይተውን፤ ቡድኑም ቤተሰቡን የሚያናግር ሰው በስም ይመድብ። ሶሻል ወርከር ወይም ሊያዞን (ሪፈርና ግንኙነት የሚከታተል ሠራተኛ) ካለ እሱ፣ ሌሊት ከሌለ ካርድ ክፍል ያለው ሰው፣ ግን ምን እንደሚል ተለማምዶ፦ “እናቷ እርስዎ ነዎት? ሕፃኑ ደህና ነው። ልጅዎ ደም በዝቶባታል፣ አራት ሰው እያከማት ነው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተመልሼ እነግርዎታለሁ። እስከዚያ እዚህ ይቀመጡ።” የሰጠውን ቀጠሮ ደግሞ ያክብር፤ አዲስ ነገር ባይኖርም ተመልሶ “አሁንም እያከሟት ነው” ይበል። “ምንም አትሆንም” ማለት የተከለከለ ነው፤ ከሞተች ያ ቃል አይረሳም።

የሪፈሩንም ክፍል እውነተኛ አድርጉት። ሊያዞኑ ለተቀባዩ ሆስፒታል በእውነት ይደውል (ልምምድ መሆኑን መጀመሪያ ተናግሮ)፣ በአንድ ደቂቃም ይጨርስ፦ ማን እንደሆነች፣ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደተሰጣትና በስንት ሰዓት፣ ምን እንደምንጠብቅ። አምቡላንሱ ነዳጅ አለው? ሹፌሩ ስልኩን ያነሳል? አብሯት የምትሄደው ሚድዋይፍ ማን ናት፣ እሷ ስትሄድስ ክፍሉ ላይ ማን ይቀራል? ሕፃኑ ከእናቱ ጋር ይሄዳል ወይስ ከአያቱ ጋር ይቀራል፤ ከቀረ ምን ይጠባል? ቤት የቀሩ ልጆችስ? የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ተቋም ከክፍያ ነፃ መሆኑን ዘመዶቹ ላያውቁ ይችላሉ፤ ገንዘብ ፍለጋ ሲሯሯጡ ደም የሚለግስ ሰው ከአጠገብ ይጠፋል። ይህ ሁሉ የማኅበራዊ ሥራ ነው፣ ከደሙ ጋር እኩል ሰዓት ይቆጥራል።

አዋላጅ_ወሎ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። ቀድመን ቀኑን እንናገር ወይስ ድንገት ይሁን? የሌሊት ተረኞችንስ እንዴት እናስገባ?

ሲም_ላብ፦

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወይም አራት ድሪሎች ቀኑንም ሴናሪዮውንም አስታውቁ። ገና ያልለመደ ቡድን ላይ ድንገት መምጣት ፈተና ይመስለዋል፤ ሰው ዕረፍት መጠየቅ ይጀምራል። ከለመደ በኋላ ሳምንቱን ብቻ ተናግራችሁ ሰዓቱን መተው ይቻላል። ለሌሊት ተረኞች ማታ ርክክብ ላይ፣ ከሁለት ሰዓት በፊት፣ ሁለቱም ተረኛ አንድ ላይ ባለበት ግማሽ ሰዓት ብቻ ውሰዱ፤ መግቢያው ተረኛ ይሠራል፣ ወጪው ክፍሉን ይጠብቃል። መብራቱንም አጥፍታችሁ በሌሊቱ አምፑል ብቻ አንድ ጊዜ ሞክሩት። የደም ሥር በጨለማ መፈለግና ሳጥኑ ውስጥ ባትሪ አለመኖሩን ማየት ለብቻው ዋጋ አለው።

ሳጥኑን ስል፣ ከመጀመሪያው ድሪል በፊት የድንገተኛ ሳጥን ሥሩ። ካኑላ 16 እና 18 ከየዓይነቱ ሁለት፣ የአይ ቪ ሴት ሁለት፣ ሪንገር ወይም ኖርማል ሳላይን ሁለት ሊትር፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ አራት አምፑል (ሁለት ዶዝ)፣ ሚሶፕሮስቶል አራት ክኒን፣ ፎሊ ካቴተር ሁለት ከዩሪን ባግ ጋር፣ አንዱ ለፊኛ አንዱ ለኮንዶሙ፣ ኮንዶም ሁለት፣ ማሰሪያ ክር፣ ኮንዶሙን በ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ሳላይን የምትሞሉበት ትልቅ ሲሪንጅ፣ ባለ 5 እና ባለ 10 ሲሪንጅ፣ የመስታወት ቲዩብ፣ እስከ ክርን የሚደርስ ጓንት፣ የእጅ ባትሪ። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ስለሚቀመጥ ሳጥኑ ውስጥ አይገባም፤ በምትኩ ክዳኑ ላይ “ኦክሲቶሲን ፍሪጅ፣ ሁለተኛ መደርደሪያ” ብላችሁ ጻፉ። ሳጥኑ በቀላሉ በሚበጠስ ፕላስተር ይታሸግ፣ ላዩ ላይ የቆጠረችው ሰው ፊርማና ቀን ይኑር። ፕላስተሩ ሳይነካ ካለ በየርክክቡ መቁጠር አያስፈልግም፤ ከተበጠሰ ግን የዚያ ተረኛ ሳይሞላ አይወጣም።

ለድሪል የምትጠቀሙት ሳጥን ከዚህ የተለየ፣ በቀለሙም የተለየ ይሁን። በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ ብቻ እውነተኛውን ሳጥን ከፍታችሁ በእሱ ተለማመዱ፤ ያን ቀን የመሙላቱ ኃላፊ ማን እንደሆነ ከመክፈታችሁ በፊት ይጻፍ።